የጃንሆይ ወንበርና የአባቴ ቅጽል ስም

ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ተራ የሚያስከብሩት ሰዎች አባቴን ከሩቅ ሲያዩ «አንበሳ ቆራጩ! ይግቡ እንጂ!» ይላሉ። ለስድብ ብለው አይደለም። ከአባቶቻቸው የሰሙት ስም ነው፤ አብዛኞቹ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም። አባቴ ግን ስሙን በሰማ ቁጥር ሚኒባሱን ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ሰማንያ ያለፈውን ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ዳገት ለዳገት ስከተለው ሐረርን ከነግንቧ ስንቴ እንደረገምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጃንሆይ ሐረር ሲወርዱ ጉዳይ የሚያዩበት ቢሮ ውስጥ አንድ የዋንዛ ወንበር ነበር። በሁለቱ ክንዶቹ ጫፍ ላይ የአንበሳ ራስ አለው። ደርግ ሲመጣ ቢሮውን የተረከቡት ሰውዬ ወንበሩን ወደዱት፤ አንበሶቹን ጠሉ። የግቢው አናጢ አባቴ ነበርና «ቆርጠህ አቃጥላቸው» ተባለ። በማግስቱ ወንበሩ ያለ አንበሳ ተገኘ፣ ስሙም ያኔ አባቴ ላይ ተለጠፈ።

እውነቱን የምናውቀው እኛ ቤትና አንድ የአባቴ ወዳጅ ብቻ ነበርን። አባቴ መጋዝ አላነሳም። አንበሶቹ ከክንዱ ጋር የተያያዙት በብሎን ነው፤ ብሎኑ ደግሞ ከሥር በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል። ውታፉን በመሮ አወጣ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ፈታ፣ ቀዳዳውን መልሶ ደፈነ። ብሎኖቹን በክብሪት ቀፎ ከትቶ፣ ራሶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ለሚነግዱት ለእኚሁ ወዳጁ ሰጣቸው። እሳቸውም የበርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀበሯቸውና «ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ እጁን የሚከት ካድሬ አልተወለደም» አሉት።

ደርግ ሲወድቅ አንበሶቹ ወደ እኛ ቤት መጡ፤ ከአባቴ አልጋ ሥርም ገቡ። «በል አሁን ተናገራ!» አልኩት። «የሚጠይቀኝ ይምጣ» አለኝ። ማን ይጠይቀዋል? ወንበሩም እንደ እሱ ጠያቂ አጣ። አንዱ ሹም ቀይ ጨርቅ አለበሰው፣ ሌላው ላስቲክ አጠለቀለት፣ የመጨረሻው ዕቃ ቤት ጣለው። አባቴም ኩራቱን ታቅፎ፣ በእግሩ እየሄደ፣ አረጀ። እንደዚህ ያለ ግትር ሰው በዓለም ላይ አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ቢሮው ለጎብኚ ክፍት ይሆናል ተባለና ወንበሩ ከዕቃ ቤት ወጣ። አባቴን ይዤው ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ከጀሶ የተሠሩ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀቡ ሁለት አዳዲስ አንበሶች ተለጥፈዋል። አንበሳ እንኳን አይመስሉም፤ የጠገበ ድመት ናቸው። ከጎኑ «የቀድሞዎቹ አንበሶች በግቢው አናጢ ተቆርጠው ተቃጥለዋል» የሚል የጽሑፍ ሰሌዳ ቆሟል። የአባቴን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ሁለቴ አስነበበኝ።

«መልሼ እገጥማቸዋለሁ» አለ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጨልም።»

ከዚያ በኋላ የእኔ መከራ ጀመረ። ማመልከቻ ጻፍኩ። በሦስት ኮፒ ይሁን ተባልኩ። በሦስት ኮፒ ሳመጣ የቀበሌ ማኅተም ያስፈልገዋል ተባልኩ። ቀበሌ ስሄድ «ለአንበሳ የሚሆን ፎርም የለንም» አሉኝ። ስመለስ የቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ነው። በሳምንቱ አገኘሁትና «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?» ሲለኝ «እናትህ አይደለሁም፤ ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው» ብዬ ራሶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ጎንበስ ብሎ ሊያያቸው ሲል ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። ይህን ሁሉ ዘመን የበርበሬው ሽታ አልለቀቃቸውም።

«እነዚህ እኮ አርጅተዋል» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «የግራው አፍንጫ ተበልቷል። አዲሶቹ አይሻሉም?»

«የተበላው ጃንሆይ ባለጉዳይ ሲያዳምጡ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ነው!» ጮህኩ። «አባቴ በዓይኑ ያየው ነው። ጎብኚ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው ወይስ ጀሶ?»

ጩኸቴን ፈርቶ ይሁን ገብቶት፣ ለሐሙስ ቀጠረን።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ወንበሩ ፊት ተንበረከከ። የጀሶዎቹን ድመቶች ነቀለ። በጣቱ ዳስሶ ውታፉን አገኘ፣ አወጣው። ከዚያ የክብሪት ቀፎውን ከኪሱ አወጣ። አንበሳውን ቦታው አስቀምጦ የመጀመሪያውን ብሎን በጣቱ ብቻ ሲያዞረው የብሎኑ ጥርስ ያዘ፤ ሰተት ብሎ ገባ። የተቆረጠ እንጨት እንዲህ አይገጥምም። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን አየ። አልቅሼ ነበር፣ አልዋሽም።

ለቅሶዬ ሳይደርቅ ኃላፊው ፎርም አወጣ።

«አባባ፣ ንብረቱ እጅዎ የገባው እንዴት ነው?»

«ፈትቼ ወሰድኩት።»

«በማን ፈቃድ?»

«ያኔ ማንን ላስፈቅድ ልጄ?»

ኃላፊው ጻፈና እንዲፈርም ሰጠው። ቀድሜ ተቀበልኩት። «ከመንግሥት ቢሮ ሰርቆ የደበቀውን ንብረት የመለሰ» ይላል። ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልኩን ቆራጭ ሲባል የኖረውን ሰው፣ እንጨቱን አድኖ በመለሰበት ቀን ሌባ!

«አትፈርምም!» አልኩት። «ሬሳዬን ተራምደህ ነው የምትፈርመው!»

«ቆርጧል የሚል አለበት?» አለኝ አባቴ።

«የለበትም። ሌባ ነው የሚልህ!»

«ያ ጽሑፍስ?» አለ ወደ ሰሌዳው ዞሮ።

ኃላፊው ሰሌዳውን ራሱ አንስቶ በብብቱ ያዘው። «ተቃጥለዋል» የሚለው ከፎርሙ ጋር አይስማማምና።

«እንግዲያው እስክሪብቶውን አምጪ» አለ አባቴ። «ሌባ ይበሉኝ። ዋንዛ ላይ፣ እንደዚያ ያለ ሥራ ላይ፣ መጋዝ ያነሳ አናጢ ግን አይበሉኝ።» ፈረመ። መስመሩን ስቶ ፎርሙ መሀል ላይ ነው የፈረመው።

ሐረር ወሬ አያድርባትም። ሸዋ በር ስንደርስ ቀድሞን ደርሷል። «አንበሳ ሌባው! ይግቡ እንጂ!» ብለው ጮሁ። ዞሬ አፌን ልከፍትባቸው ስል አባቴ ባርኔጣውን አነሳላቸውና ገብቶ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ በንዴት መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ» አለኝ በመስኮቱ። «ዳገቱን በእግርሽ ልትወጪው ነው?»