ዕርቅ ያላቆመው አቤቱታ

ወይዘሮ ሸዋሉል ጠዋት ጠዋት ስቶክሆልም ዳር ስፖንጋ ያለችውን ትንሽ ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ መብራቱን ከማብራታቸው በፊት፣ ጥግ ያለውን የእንጨት ርብራብ በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉታል። ከዚያ መዳፋቸውን ያያሉ። ድሮ የጤፍ ዱቄት ያነጣው ነበር። አሁን ንጹሕ ነው።

ጤፉ ይመጣ የነበረው ዮርድብሩ ሰፈር ካለው የአቶ ጥበቡ መጋዘን ነው። ከስቶክሆልም እስከ ማልሞ ላለው የሐበሻ ሱቅ ሁሉ ከእሳቸው በቀር ጤፍ አምጪ አልነበረም። ከሸዋሉል ጋር ካርቱም በስደት አንድ ግቢ ኖረዋል፤ የሸዋሉል ባል ሲሞቱም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ባለፈው መኸር ግን ሶረቲ የምትባል ወጣት አስመጪ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች መጣች። ዱቄቷን ስታሳይ ሸዋሉል አንጀታቸውን በላቻቸውና ጥቂት ከረጢት ገዙ። በማግስቱ አቶ ጥበቡ ደወሉ።

«ሸዋዬ፣ ከእኔ ብቻ ካልገዛሽ ከእኔ አትገዢም።»

«ምነው ጥቤ፣ ጥቂት ከረጢት እኮ ነው!»

«ዛሬ ጥቂት ነው። በቃ፣ መኪናው አይመጣም።»

እውነትም ቀረ። ሌሎቹ ባለሱቆች ፈርተው ስለሸሿት ሶረቲም ንግዱን ተወችው። ከመተዋ በፊት ግን «እትዬ፣ በአውሮፓ ሕግ ትልቅ መሆን ጥፋት አይደለም። በትልቅነት የሌላውን በር መዝጋት ነው የሚያስጠይቀው» አለቻቸው። አንሜላኑን፣ አቤቱታውን ማለት ነው፣ አብረው ጽፈው ለገበያ ውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላኩ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቀድሟቸው ደረሰ። አጠገባቸው ይቆሙ የነበሩ ሴቶች ቦታ ቀየሩ። የሱቁ በር ደወል ዝም ሲል ዝም ሲል፣ ሸዋሉል ለሰው ድምፅ ብለው ሬዲዮ መክፈት ጀመሩ፤ ስለ በረዶ የሚያወራውን ሰውዬ «እሺ» እያሉ ያዳምጡታል።

በዐቢይ ጾም የማኅበረሰቡ አስታራቂ ጋሽ አድነው ሽማግሌዎች ሰብስበው ፊቲያ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጠሯቸው።

«ወንድምሽን ለፈረንጅ ከሰስሽ! እኛ ሞተናል እንዴ?»

«ጋሼ፣ እናንተማ አላችሁ። ጤፉ ነው የሌለው።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ጥበቡ ጥግ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። ሲመሽ ተፈረደ፤ አቶ ጥበቡ መኪናውን ሊልኩ፣ ሸዋሉል አቤቱታቸውን ሊያነሡ። ማሉ፣ ተቃቀፉ፣ ጋሽ አድነው መረቁ።

በማግስቱ ሸዋሉል ነጠላቸውን አጣፍተው መሥሪያ ቤቱ ሄዱ።

«ታርቀናል» አሏት መርማሪዋን። «ይቅር ብዬዋለሁ። መዝገቡ ይዘጋልኝ።»

ሴትዮዋ ውሃ ቀዳችላቸው። «ይቅርታው የአንቺ ነው። ጉዳዩ ግን የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹ ሱቆችና የገዢውም ጭምር ነው። ብታነሺውም እኛ ምርመራውን እንቀጥላለን።»

ማታ ለጋሽ አድነው ደውለው ነገሯቸው።

«ከሳሽ ይቅር ካለ ምን የቀረ ክስ አለ?» አሉ ጋሽ አድነው። «መሐላሽን በላሽ።» ስልኩን ዘጉባቸው።

መኪናው አልመጣም። ለፋሲካ ድሮ ከሚጠሯቸው ቤቶች አንዱም አልጠራቸውም፤ ሸዋሉል ሱቃቸው ውስጥ ከሽሮና ከበርበሬው መሐል ተቀምጠው ብቻቸውን ፈሰኩ። ምርመራው እስካሁን አላለቀም።

ይህን ሁሉ ሲያጫውቱኝ አንዲት ነገር ብቻ እንዳትጻፍባቸው ለምነዋል። ያን ዕለት ከመርማሪዋ ቢሮ ወጥተው ፔንደሉን፣ የከተማ ዳሩን ባቡር፣ ሲጠብቁ፣ በጾም ምድር ከጣቢያው ቅቤ ያለበት፣ የቀረፋ ቡለ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ገዙ። ክሱ አልነሣ በማለቱ ልባቸው እየዘለለ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን እየላሱ ጨረሱት። ቡለውን ለንስሓ አባታቸው ተናዘዋል። ደስ እንዳላቸው ግን አልነገሯቸውም።