የብረት ትምህርት

ከምኖርበት ቤት አጠገብ የብረት በር የሚሠራ ወጣት አለ። ከሰዓት በኋላ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክር ሽታው በመስኮቴ ይገባል። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ መስኮቱን ይበልጥ እከፍተዋለሁ። የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። አካባቢው በሙሉ የሚያርሰው በእሱ ማረሻ፣ የሚያጭደው በእሱ ማጭድ ነው። ማረሻ ሊያስሉ የሚመጡት ሰዎች ግን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ግቡ ቢባሉ አይገቡም፣ ውሃ ብናቀርብላቸው አይጠጡም። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይሉናላ። ደርግ ከመጣ ወዲህ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቀጥቃጭን መናቅ ቀርቷል፣ ቀጥቃጭ ወዛደር ነው ተባለና ተጨበጨበለት። ስብሰባው ሲያበቃ ያጨበጨቡት ሰዎች ከእሱ ራቅ ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። አባቴ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር። እኔ አልስቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ስገባ አጠገቤ ለመቀመጥ የደፈረች አንዲት የገበሬ ልጅ ብቻ ነበረች። እናቷ እንዳትቀርበኝ ብታስጠነቅቃትም ምሳዋን ገምሳ ትሰጠኛለች፣ ከእኔም ወስዳ ትበላለች። እልኸኛ ነበረች፤ አትንኪ ያሏትን ሳትነካ አታድርም። ወደድኳት። እንደ እሷ አድርጌ የወደድኩት ሰው ኋላም አላገኘሁም።

ከደሴ የመጣ ወጣት መምህር ነበረን። አንድ ቀን የድንጋይ ምላጭ ይዞ ገባና የሰው ልጅ ከዚህ ነው የተነሣው አለን። ዋሻ ውስጥ እየኖረ፣ በተሳለ ድንጋይ ሥጋ እየቆረጠና ሥር እየቆፈረ እጅግ ብዙ ዘመን አሳለፈ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ማን ያውቃል ምናልባትም ሴት ልትሆን ትችላለች፣ እሳት ውስጥ የገባ አረንጓዴ ድንጋይ ቀልጦ ሲፈስ አየች። መዳብ ነበር። ቆይቶ ነሐስ፣ ከነሐስም በኋላ ብረት መጣ። ደን ተመነጠረ፣ በድንጋይ የማይደፈረው መሬት ታረሰ፣ እህል ከጎተራ ተረፈ፣ መንደሩም ሰፋ። ሰይፍና ጦርም አብረው እንደመጡ አልደበቀንም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ሰውን ከዋሻ ያወጣው የእሷ አባት ሥራ ነው” አለ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከአለት ሲፈለፈሉ መላእክት አግዘዋል ይባል የለም ወይ፣ ታዲያ መሮውን ማን ይስልላቸው ነበር ብላ ጠየቀችኝ። መልሱንም ራሷ ሰጠች፤ የእኛ ዘር መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከመላእክት ጋር ሥራ ያመሸን ሰዎች ነን። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ማታ የመምህሩን ቃል ለአባቴ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠና እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት።

ያን ዓመት ጓደኛዬ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ ተከዜ ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች። መምህሩ ከጤና ጣቢያ ክኒን አምጥቶላት ዋጠች። ትኩሳቱ ቶሎ አልበርድ ሲል ግን ቤተሰቦቿ ያጥኗት ጀመር። እኛ አገር እንዲህ ነው። ቡዳ በልቶታል የተባለውን በሽተኛ ጭስ አፍንጫው ሥር ይዘው፣ የበላውን ሰው በስም እስኪጠራ ድረስ ማን በላህ እያሉ ያስለፈልፉታል። የተጠራው ሰው መጥቶ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል።

እኔን ጠራች።

እናቷ መጥታ ከአጥራችን ውጭ ቆመች። አባቴን አንቱ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

“በላሊበላ አምላክ፣ ልጅዎን ይስጡኝ። እንትፍ ትበልባትና ትልቀቅልኝ።”

አባቴ ወናፉን አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

“ብትተፊባት ቡዳ ነሽ” አለኝ። “ሳትተፊባት ብትሞት ደግሞ ገዳይ ነሽ።”

ሄድኩ። ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሞልቶታል። የተሰበሰበው ሰው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀልኝ። ከመካከላቸው መምህሩን ሳየው እፎይ አልኩ። እሱ ይነግራቸዋል፣ ይህን አይፈቅድም ብዬ አመንኩ። ቀረብ ብሎ በጆሮዬ፣ “እናቷን ለማረጋጋት ነው፤ ምን ቸገረሽ፣ እንትፍ በይላት” አለኝና እሱም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይህ ነው። ሌሎቹ የሚያደርጉት እውነት መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ያውቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ጓደኛዬ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እንዳወቀችኝ አውቄያለሁ። እሷ አይደለችም እንድትላቸው ጠበቅኩ። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እኔም እንትፍ አልኩባት።

በማግስቱ ትኩሳቱ በረደ፤ ክኒኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ድና ትምህርት ቤት ስትመለስ ከሌሎቹ ጋር ሄዳ ተቀመጠች፤ መምህሩም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ማስተማሩን ቀጠለ። ዓመቱ ሳያልቅ አባቴ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ላከኝ።

ከዓመታት በኋላ አባቴን ልጠይቅ ስመጣ ላሊበላ ገበያ ላይ አገኘኋት። ሕፃን ታቅፋለች። ትሸሻለች ስል ቆመች፣ አንገቴን አቅፋም ሳመችኝ። ለምን እኔን ብዬ ጠየቅኳት።

“ስም ካልጠራሽ ጭሱን አናነሣም አሉኝ” አለችኝ። “ትንፋሽ አጠረኝ። ከስም ሁሉ ለአፌ የሚቀርበው ያንቺ ነበር።”

አመንኳት። ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ቂም እዚያው ገበያ መሀል ሲለቀኝ ተሰማኝ። ልጇን ልስም ጎንበስ አልኩ። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው።

ወንድ ይሁን ሴት ሳላይ ተለያየን።