ባዶ እጅ ወደ ተራራ

ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ከረጅም ቀሚሳቸው ሥር ግን አዲስ ሸራ ጫማ ብቅ ይላል። ጭናቸው ላይ የዳቦ ቆሎ የሞላ ፌስታል አቅፈዋል። የእኛ አገር መንገደኛ ዝም ብሎ መሄድ አያውቅምና ጥያቄው ወዲያው ተጀመረ።

«እናቴ፣ ለቅሶ ነው?» አላቸው ረዳቱ።

«አይደለም።»

«ሐኪም ቤት ነው?» አልኩ እኔ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ሼህ ዘንድ ለዱዓ፣ ለዚያራ ነዋ» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ቦረና ሳይንት ነው የምሄደው፤ ፓርኩን ለማየት። ጭላዳ ዝንጀሮውን፣ የጅብራውን ተክል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እታለም፣ እዚያ ማን ዘመድ አለሽ?»

«ማንም። የአምባሰልን ተራራ ዕድሜዬን ሙሉ የወጣሁት ለማገዶ ነው። ጎብጬ ስወርድ የማየው እግሬን ብቻ ነበር። አሁን ባዶ እጄን ወጥቼ ዙሪያዬን ልይ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ እዚያው ደሴ የሚሠራው ጎልማሳ ልጃቸው ወሬውን በስልክ ሰምቶ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል? አሮጊቷ ዝንጀሮ ልታይ ሄደች ይበለን? ነይ እንመለስ» አለና ፌስታሉን ከእጃቸው ወሰደ። ያለ ስንቅ አይሄዱም ብሎ ነው።

እሳቸው ፌስታሉን አዩት፣ ልጃቸውንም አዩት።

«አንተው ብላው» አሉ። «እኔ ድሮም ባዶ እጄን ነው ያልኩት።»

ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አጠበቁና ወደ ቦረና የሚሄደው የመካነ ሰላም አውቶቡስ ውስጥ ገቡ።