ጋሽ መኩሪያ ሙሽራዋን ያስጠበቀ ቀን

መካኒሳ ውስጥ ጋሽ መኩሪያን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከመካኒሳ ጎፋ፣ ከጎፋ መካኒሳ። እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፤ ያውም መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጭኖ፣ አንዱን አውርዶ። እናቴ እስካሁን ይቅር አላለችውም። እሱ ግን "በሰዓቱ ደርሰሻል አይደል?" ይላታል።

ሰውዬው ሁለት ነገር አይችልም። ሳይሞላ መነሳት አይችልም። እጁን የዘረጋ ሰው አይቶ ማለፍም አይችልም። ባለቤቱ እትዬ ወርቅዬ እንደውም እኔንም ያገኘኝ እንደዛ ነው ትላለች። መንገድ ዳር እጇን ዘርግታ ቆማ ሳለ ጥጓ ድረስ መጥቶ ቆመላት። እጇን የዘረጋችው ግን ማካፋት ጀምሮ እንደሆነ ለማየት ነበር።

ይሄ ጠባዩ ጥር ላይ ሐዋሳ ድረስ አብሮን ሄደ። ሰርግ ነበረብን።

ሙሽራዋ ኤሌኒ ናት፤ የጋሽ መኩሪያ የእህቱ የእትዬ አምሳለ ልጅ። አባቷ የሞተው ገና አራት ዓመቷ ሳለ ነው። እናቷ የምትኖረው ሐዋሳ ነው፣ ኤሌኒ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ኮሌጅ እስክትጨርስ መካኒሳ እነጋሽ መኩሪያ ቤት ነው ያደገችው። ከኛ ቤት ጋር አንድ አጥር ብቻ ነው የሚለየን፤ ለኔ እህቴ በሉት። ጠዋት ጠዋት ጎፋ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ጋቢና ነበር የሚያስቀምጣት። ሰው መጥቶ "ጋቢናው ክፍት ነው?" ሲለው "ተይዟል" ይላል። እሷ ገና ቤት ቁጭ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው።

ስለዚህ ሰርጉ ላይ በአባቷ ቦታ የሚቀመጠው እሱ ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው። ጋሽ መኩሪያ ይሄ ከተነገረው ቀን ጀምሮ ሰላም የለውም። ምርቃቱን መሪ ይዞ ይለማመድ ጀመር። አንድ ቀን ጎፋ ላይ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" ቢለው "አሜን" ብሎ አለፈው።

አርብ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ልንነሳ ተባባልን። ዘመድና ጎረቤት ተደማምረን ዘጠኝ ነን። እኔ ጎፋ ጸጉር ቤት ስለምሠራ የሙሽራዋ ጸጉር የኔ ኃላፊነት ነው። ሁላችንም ገብተን ቁጭ አልን። ጋሽ መኩሪያ ሞተሩን አስነሳ፣ መሪውን ያዘ፣ ከዛ በቃ፣ ዝም። አስር ደቂቃ አለፈ። እትዬ ወርቅዬ ማንን ነው የምንጠብቀው አለችው።

"ሁለት ሰው ጎድሎ እኮ ነው" አለ።

የምሩን ነው። ሱቁን እየከፈተ የነበረውን ኑረዲንን በመስኮት ጠርቶ ሐዋሳ አትሄድም ወይ አለው። ኑረዲን በነጠላ ጫማ፣ ዳቦ በእጁ እንደያዘ፣ ሐዋሳ ምን ላደርግ አለ። "ቦታ አለ" አለው ጋሽ መኩሪያ፤ ከዚህ በላይ ምክንያት የሚያስፈልግ አይመስለውም። መጨረሻ ላይ እትዬ ወርቅዬ ወረደች፣ ሁለት ሻንጣ አንስታ ባዶዎቹ ቦታዎች ላይ እንደ ሰው አስቀመጠቻቸው።

"ይኸው ሞላ፤ ንዳ አሁን።"

ዞር ብሎ ሻንጣዎቹን አየ። ነዳ።

ሞጆን ስናልፍ ሻንጣዎቹ እግራችን ስር ገብተው በነሱ ቦታ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። እነሱ መቂ ሲወርዱ ሌላ ሁለት ገቡ። አንዱ ሽንኩርት የጫነ ገበሬ ነበር፣ ክፍያ አንቀበልም ስንለው ግማሽ ከረጢት ሽንኩርት ጥሎልን ወረደ። አምስት ሰዓት ይፈጃል የተባለው መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶ ሐዋሳ ገባን፣ ሁላችንም ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትን።

ቅዳሜን ግን እትዬ ወርቅዬ ለራሷ አስይዛዋለች። ባሏ በሃያ አራት ዓመት አንድ ቀን ሽርሽር ወስዷት አያውቅም። ሰርጉ እሁድ ነው፣ ቅዳሜ የኔ ነው አለችው፣ የመኪናውን ቁልፍም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በእግር ሐይቁ ዳር ሄድን። ሙቀቱ ደስ ሲል! ዛፎቹ ስር ሰው ተዘርግቶ ይተኛል፣ ልጆች ውሃ ይረጫጫሉ። ዓሣ የሚሸጡበት ጋ ትልልቅ ራሰ በራ አሞሮች ሆዳቸውን ወደፊት ገፍተው፣ አንገታቸውን ቀብረው ሰው መሃል ቆመዋል። እትዬ ወርቅዬ አየቻቸውና ጎፋ ያሉትን ተራ አስከባሪዎች ይመስላሉ አለች። ጋሽ መኩሪያ መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፣ አንዱ አሞራ መጥቶ የዓሣውን ጭንቅላት ከሳህኑ ላይ ሲወስድበት ግን ልክ ነሽ አለ።

ዓሣውን የሚበላው እንደ ሹፌር ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ዓይኑ መንገድ ላይ። ምን ትጠብቃለህ ብለው ምንም አለ። ምንም አይጠብቅም፣ ግን ይጠብቃል።

ከዛ ጀልባ። ጀልባው ስምንት ሰው ነው የሚይዘው፣ ሌሎቹ ቤት ቀርተው እኛ አምስት ነን። ጀልበኛው ሦስት ሰው እስኪመጣ ትንሽ ታገሱ አለ። ጋሽ መኩሪያ ይሄን ሲሰማ ያሳየው ፊት! ሰዓቱን አየ። ተነስቶ ተቀመጠ። ሰው እኮ ጉዳይ አለው፣ ሁሉም ሰው እንዳንተ ስራ ፈት አይደለም እያለ ጀልበኛውን ሊቆጣው ሁሉ ነው። ምን ጉዳይ እንዳለን እግዜር ይወቅ። እትዬ ወርቅዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጀልበኛው ጠጋ አለች።

"የኔ ልጅ፣ ሳይሞላ እንዳትነሳ። ይቅመሳት።"

ግማሽ ሰዓት ቀመሳት። ከዛ ወጣን፣ ጉማሬ አየን። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው የሚታየው፣ ግን ጉማሬ ነው። እትዬ ወርቅዬ እጇን ውሃው ውስጥ ከታ እንደ ልጅ እያንቦራጨቀች ተመለሰች። ማታ ላይ በእሷ ስልክ ያነሳሁትን ፎቶ ደጋግማ ታየው ነበር፤ እሷ ትስቃለች፣ እሱ ከኋላዋ ሰዓቱን ያያል።

እሁድ መጣ። ሙሽራው ሚሳኤል አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሙሽራዋን ይወስዳል፣ ከዛ አዳራሽ፣ ምሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የጋሽ መኩሪያ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ጉተማ ነው። ጋሽ ጉተማ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት የጋሽ መኩሪያ ረዳት ነበር፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ጎፋ ጎፋ" ብሎ ሰው የሚጠራው እሱ ነበር። አሁን ሻሸመኔ መለዋወጫ ይሸጣል። ለሰርጉ መጥቶ መናኸሪያ ደርሻለሁ አለ። ጋሽ መኩሪያ ቁልፉን አነሳ። እትዬ አምሳለ በባጃጅ ይምጣ፣ አንተ ዛሬ ከዚህ ቤት አትወጣም አለችው።

"ጉተማ በባጃጅ?" አለ፣ ሰው እንደሰደበችበት። "አስራ አምስት ደቂቃ ነው።"

አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። እኔ የኤሌኒን ጸጉር ጨርሼ አበባውን እየሰካሁ ነው። በመስታወቱ እያየችኝ ጋሼ መጣ ወይ አለችኝ፣ መንገድ ላይ ነው አልኳት። ውሸቴን አይደለም፣ መንገድ ላይ እንደሆነማ እርግጠኛ ነበርኩ። ስልኩን ብንደውል አያነሳም። መሪ ይዞ ስልክ አንስቶ አያውቅም፣ በዚህም ይኮራል። የጋሽ ጉተማም ይጠራል፣ አይነሳም።

አምስት ሰዓት ላይ ጥሩምባው ከሩቅ መጣ። ሚሳኤል ከነሚዜዎቹ ደረሰ። መቼም ታውቃላችሁ፣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩ ላይ ተደርድረው አናስገባም ይላሉ፤ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይለምናሉ፣ ትንሽ ግፊያ ይሆንና ይገባሉ። ጨዋታ ነው፣ ቢበዛ አስር ደቂቃ።

እትዬ አምሳለ ጓዳ ገባች፣ ላብ በላብ ሆናለች። ሳሎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉ፣ እሳቸው ይመርቁሽ፣ ጉልበት ጉልበት ነው አለቻት።

"እማዬ፣ እኔ የሌላ ሰው ጉልበት አልስምም" አለች ኤሌኒ። "ጋሼ ሳይመጣ ከዚህ አልወጣም።"

ቬሎዋን ሰብስባ አልጋው ላይ ቁጭ። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ቁጭ ካለች ቁጭ ነው። ዓይኗ እንባ ሲያቀር አየሁና ኩሉ እንዳይሄድብኝ ብዬ ራሴም ላለቅስ ደረስኩ። ሮጬ በሩ ላይ ያሉትን ሴቶች ጆሮ ላይ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ዛሬ የእውነት ነው፣ እንዳታስገቡ።

ሚዜዎቹ ምን ያውቃሉ? አንደኛ ሚዜው ሚኪ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሽቶ እየረጨ ጨፈረ። ሽቶው አለቀ። ሌላ ሊገዙ ሰው ላኩ። ሁለተኛውም አለቀ። ሴቶቹ ድምጻቸው እስኪዘጋ ዘፈኑ። አንዷ ደክሟት ወንበር አስመጥታ በሩ መሃል ተቀመጠች። ሰዓቱ ስድስት ሲል ሁለት ሚዜዎች ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ጥላ ስር ቁጢጥ ብለዋል። ሚሳኤል እንደቆመ ነው፣ አበባውን ይዞ፣ አበባውም እሱም እየጠወለጉ። አጎቱ ደግሞ ልጅቷ ሐሳቧን ቀየረች እንዴ፣ እንደሱ ከሆነ ይነገረንና እንሂድ እያለ ያጉተመትማል።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ጥጉ ላይ ታጠፈ። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ጉተማ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ክራቫቱ በትከሻው ላይ እየተውለበለበ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ሙሉ ሰው ነው። ፍራሽ የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ ዶሮ ያቀፉ እማማ፣ ሌሎችም። እማማ የሰርግ ቤት መሆኑን ሲያዩ ከነዶሯቸው ወርደው እልል አሉ።

በኋላ ጋሽ ጉተማ ራሱ ነው የነገረን። መናኸሪያው በር ላይ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ሰው ታክሲ ነው ብሎ መጣ። ባጃጅ ጠፍቷል። ጋሽ መኩሪያ በነጻ ነው ግቡ አለ፣ ጋሽ ጉተማም እጁ አላስችል ብሎት በሩን ያዘና መጣራት ጀመረ። የሐዋሳን ሰፈሮች ስም ስለማያውቅ "ጎፋ ጎፋ" ብሎ ነው አሉ የጠራው። ሰዎቹም ገቡ። ከዛ አንዱን ታቦር ተራራ ስር፣ አንዷን ፒያሳ ማውረድ ሆነ፤ ሹፌሩም ረዳቱም መንገዱን አያውቁትም።

ጋሽ መኩሪያ ኮቱን እያስተካከለ ወደ በሩ መጣ። ሚኪ ማን እንደሆነ ስላላወቀ ክንዱን ያዘው።

"አባባ፣ ወረፋ ነው። እኛ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነን።"

ሴቶቹ ወንበሩን አነሱ፣ ጋሽ መኩሪያ ገባ። እትዬ ወርቅዬ አፏን ልትከፍትበት ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። ጓዳው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም፣ ኤሌኒን በቬሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እሷም ከአልጋው አልተነሳችም።

"ጋሼ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?" አለችው።

ባጃጅ ጠፍቶ አለ። መንገዱ ጠፍቶን አለ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው እሱም ጨዋታውን ተወው።

"አንድ ሰው በወረደ ቁጥር አሁን ልመለስ እላለሁ" አለ። "ከዛ ሌላ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ? ሰው ልጁን ለመስጠት ይቸኩላል እንዴ?"

ኩሉ ሄደ። የሁለት ሰዓት ስራዬ በአንድ አረፍተ ነገር ሄደ፣ የኔም የራሴ አልቀረም። ሳሎን ወንበር ተደረገለት፣ በሩም ተከፈተ፣ ሚሳኤል ገባ። ኤሌኒ በርከክ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ሰው ሁሉ ምርቃቱን ሊሰማ ተጠጋ። "የአብርሃም…" አለና ቆመ። ያ ሁሉ ወር የተለማመደው ከአፉ ጠፋ። እትዬ ወርቅዬ ከጎኑ "የሳራ" ብላ ልታስታውሰው ሞከረች፣ አልሰማትም። እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

"ሂጂ ልጄ" አለ። "እኛ ቤት ስትመጪ ግን እንደ እንግዳ ደውለሽ እንዳትመጪ። ዝም ብለሽ ግቢ።"

አሜን ተባለ። ቀጥሎ ሚሳኤል ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ። ጋሽ መኩሪያ ጭንቅላቱን ዳበስ ዳበስ አደረገው።

"አንተ ግን ደውል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚሳኤል ግን አልሳቀም፣ "እሺ ጋሼ" አለ፣ የምሩን። ይኸው ሦስት ወር አለፈ፤ ባለፈው ሳምንት መካኒሳ ሲመጡ እሷ እነጋሽ መኩሪያ ቤት ዝም ብላ ገብታ ድስት ስትከፍት፣ እሱ ውጪ በር ላይ ቆሞ ስልክ ይደውል ነበር።