የአባቴ ፒክአፕ እንዴት እንደለሰለሰ፦ ከነቀምቴ ጊምቢ ደርሶ መልስ

እኔና የአባቴ ሾፌር ከነቀምቴ የተነሣነው በ1964 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዓላማችን ታላቅ እህቴን ሌንሴን ከጊምቢ ማምጣት ነበር። ሌንሴ እዚያ አግብታ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆናለች። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ እናቴ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ልጇ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ልጇ ክረምቱ ገብቶ መንገዱን ጭቃ ሳያደርገው መምጣት ነበረባት። የመረመረቻት ነርስ ጉዞውን ፈቅዳ አንድ ነገር ብቻ ከልክላለች፤ መንገጫገጭ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። አውቶቡሱ የሰው አጥንት ያላቅቃል። የአባቴ ፒክአፕ ደግሞ ለቡና ጭነት የተገዛ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ እንደ ፌንጣ ይዘላል። አባቴ ከእርሻው በተመለሰ ቁጥር ከመኪናው የሚወርደው ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ መኪናው እንዲለሰልስ ወሰነ፤ ለሌንሴም፣ ለራሱ ወገብም። እኔንም ከሾፌሩ ከዲንሳ ጋር ጨለለቂ ወደሚገኘው ጋራዥ ላከኝ።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ነሽ፤ መካኒኩ የሚሠራውን እያየሽ ጻፊ» አለኝ።

እኔ በትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ግን ድምፄ አብሮኝ አይወጣም። ጋራዥ ውስጥ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ።

መካኒኩ ጋሽ ሽኩር መኪናውን በክሪክ አንሥተው ባሌስትራውን አሳዩኝ። ባሌስትራ ማለት የመኪናውን ጀርባ የሚሸከም፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ዝርግ ብረት ነው። በየጎኑ ሰባት ሰባት ነበር። ጋሽ ሽኩር ከየጎኑ ሦስት ሦስት አወጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አሁን አልጋ ሆነልሽ የኔ ልጅ! ግን አንድ ነገር ጻፊ። ሰው እንዳትጭኑ። ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ካለፈ ይሰበራል።»

ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

ሐሙስ፣ ወደ ደዴሳ ቁልቁለት

ጋሽ ሽኩር አልዋሹም፤ መኪናው እውነትም አልጋ ሆኗል። እንዲያውም ጀልባ ሳይሆን አልቀረም፤ በየጠመዝማዛው ወደ ግራ ተኝቶ ወደ ቀኝ ይነሣል። ዲንሳ በወለጋ መንገድ ፀጉሩ የሸበተ ሾፌር ነው፤ ዲጋን ሳናልፍ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ አንድም ቀን አላስመለሰኝም» አለ መኪናውን አቁሞ። ወርዶም ከዛፍ ሥር ጎንበስ አለ። ሲመለስ «ይህን ለአባትሽ እንዳትጽፊ» አለኝ።

ያኔ ነው የመጀመሪያዋ ሴትዮ የደረሰችው። ዶሮዎቿን በእግራቸው አንጠልጥላ «አካም ቡልታን?» ብላ እንዴት አደራችሁ አለችንና «ማሎ፣ እባካችሁ እስከ ወንዙ አድርሱኝ» አለች። ዲንሳ እኔን አየኝ። ደብተሬ ውስጥ ያሰመርኩበት ታወሰኝ። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እሺ» ነው።

በወለጋ መንገድ ላይ ከኋላው ባዶ የሆነ መኪና ሰው ካላነሣ እንደ ነውር ነው የሚታየው። ከዶሮዎቹ ባለቤት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ እሺ። ወንበር ተሸክሞ ወደ ሠርግ የሚሄድ ሰው መጣ፤ እሺ። ደዴሳ ድልድይ ስንደርስ ከኋላችን አሥራ አራት ሰውና ስድስት ወንበር ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው። ከድልድዩ ማዶ ለሁላችንም ማንጎ ገዛሁ፤ አሥሩ በአሥር ሳንቲም። ማንጎውን እየበላን ዳገቱን ጀመርነው። ግማሽ ላይ ከሥራችን ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መኪናውም በግራ ጎኑ ተቀመጠ።

ዲንሳ ከሥር ገብቶ ወጣ። «ተሰበረ» አለ። ቀጥሎም ጣቱን ወደኔ ቀሰረ፤ «እሺ ነው የሰበረው!»

ከኋላ የነበሩት ሰዎች ግን አልተጣሉንም። አንዱ ግንድ ቆረጠ፣ ሌላው ጠፍሩን ሰጠ። ግንዱን በተሰበረው ቦታ ወትፈው አሰሩና ሸክሙ እንዲቀለን በእግራቸው ሄዱ። እኛም እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳብን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጊምቢ ገባን።

ዓርብ፣ ጊምቢ

በጊምቢ ለፒክአፕ የሚሆን ባሌስትራ አልነበረም። የተገኘው ከአንድ የወደቀ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የወጣ ብረት ነው። ብረት ሠሪው ቀኑን ሙሉ ሲያሳጥረውና ሲበሳው ዋለና ገጠመው። ማምሻውን ዲንሳ ሊሞክረው በከተማው ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረ። ሲመለስ ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ወርዶ፣ ምላሱን ነክሶ ነበር።

«ይህ መኪና አይደለም» አለ። «በቅሎ ነው፤ ያውም ያልተገራ።»

ሌንሴ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ሆዷን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ባሏ «በዚህ አትሄድም፤ እዚሁ ትወልዳለች» አለ። እኔ ተከትያት ገባሁ። የታሰረውን ጓዟን እየፈታች ታለቅስ ነበር።

«እማዬ ክፍሉን አስጠርጋ ትጠብቀኛለች» አለችኝ። «ያለ እርሷ እፈራለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።»

በጉዞው ሁሉ ያን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ አልነበረም። አሥራ አራቱንም ሰው እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ግን ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። የእህቴን ጎረቤቶች ሰላም ለማለት ስዞር እያንዳንዷ ሴት «ቅዳሜ ወደ ነቀምቴ ትመለሳላችሁ አሉ፤ እስከ ደዴሳ ገበያ ታደርሱኛላችሁ?» ስትለኝ ለሁሉም ያንኑ ቃል መልሼ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከቤቱ ደጃፍ አሥር ሴቶች ከነቅርጫታቸው ቆመዋል። ዲንሳ አያቸውና ወደኔ ዞረ።

«ስንቷን?»

«ሁሉንም» አልኩ ጫማዬን እያየሁ።

የኋላውን መዝጊያ ከፈተላቸው። ሴቶቹ ከነቅመማቸውና ከነቅቤያቸው ተሳፈሩ። ሌንሴ እንሞክረው ብላ ባሏን ለምና ነበርና «እስከ ከተማው ጫፍ ብቻ፤ ካመማት ትመለሳላችሁ» ብሎ አብሮን መጣ። ዲንሳ ቀስ ብሎ ነዳ። የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ፤ ሁላችንም ጥርሳችንን ነከስን። መኪናው ረጋ ብሎ ወረደ፤ ረጋ ብሎም ወጣ።

ዲንሳ አቁሞ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ጎማው ተንፍሶ ነው?» አለ። አልተነፈሰም።

እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይህን እኮ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ! ጠንካራ ባሌስትራ የሚመታው ሸክም ሲያጣ ነው፤ ሲጫንበት ጎንበስ ብሎ ይለሰልሳል። በዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ጋራዥ ውስጥ ደብተሬን አቅፌ ስቆም ግን ትዝ አላለኝም።

«ሴቶቹ ናቸው» አልኩ። «ክብደታቸው ነው።»

የሌንሴ ባል ሴቶቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌንሴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ደዴሳ እስክንደርስ አልነቃችም።

ደዴሳ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል

ገበያው ዳር አሥሩም ሴቶች መርቀውን ወረዱ። ድልድዩን ተሻግረን መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን በቅሎው ተመለሰ። ሌንሴ ነቅታ ክንዴን ጨመደደች። በሁለተኛው ጉድጓድ ፊቷ ተለወጠ። ዲንሳ ፍሬን ያዘ።

«እስከ ነቀምቴ እንዲህ ከሆነ አልችልም» አለች።

ገበያው ገና እየደራ ነው፤ ከዚያ ወደ ነቀምቴ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ዲንሳ እኔን አየኝ። «እኔ ብጠራ ታሪፍ የምጠይቅ ነው የሚመስላቸው። አንቺ ውረጂ።»

ወረድኩ። መንገዱ ዳር፣ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሰዎች «ወደ ነቀምቴ! በነጻ!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁን ሰሙኝ፤ ግን አንድም ሰው አልተነሣም።

«በነጻ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ በምርኩዛቸው መኪናውን እየጠቆሙ። «ፍርድ ቤት ለምስክርነት ነው የምትወስዱን?»

«አይደለም አባቴ።»

«ለግዳጅ የመንገድ ሥራ ነዋ!» አለ ሌላው። ሁለት ሰዎች ቅርጫታቸውን አንሥተው ራቅ አሉ።

ወደ መኪናው ዞር ስል የሌንሴን ፊት በመስኮቱ አየሁ። ከዚያ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮህኩ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እየደባለቅሁ። «ኮታ! ኑ! ማሎ! እህቴ ስምንት ወሯ ነው! መኪናው ባዶውን ይመታታል! እናንተን ሳይሆን ክብደታችሁን ነው የምፈልገው!»

አዴ ጫልቱ የሚባሉ፣ ሰፊ ሰውነት ያላቸው ቅቤ ነጋዴ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ክብደት ነው ያልሽው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? ሰዎች ለዓመታት ሲስቁብኝ ኖረው ዛሬ ለቁም ነገር ተፈለግሁ!» ጉልበታቸውን ይዘው ወጡና በትክክል ከጎማው በላይ ተቀመጡ። መኪናው አቃሰተ። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙን የያዙት እርሳቸው ናቸው። «አንቺ ነይ! አንተ ግን ቅር፤ ሸንበቆ ነህ። ወይም ያንን የበቆሎ ጆንያ ተሸክመህ ና!» ሰውዬው ተቆጥቶ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ምስክርነት የፈሩት ሽማግሌም በመጨረሻ ወጡ፤ «እኔ አጥንቴ ከባድ ነው» እያሉ።

መንገዱን ሁሉ አዴ ጫልቱ የጋቢናውን የጀርባ መስኮት እያንኳኩ «ልጄ፣ ይመታሻል?» ሲሉ ሌንሴ «የለም አዴ» ትል ነበር። በየሠፈሩ ሰው ሊወርድ ሲል እርሳቸው አስቀድመው የሚተካውን ይጠራሉ።

ነቀምቴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

አባቴ በር ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰውና አራት ጆንያ በመኪናው ላይ ሲያይ ፊቱ ቀላ። «ይሄ ሁሉ ሰው ይውረድ!» አለ።

«እንዳትወርዱ!» አልኩ። ለአባቴ እንዲህ ስመልስለት የመጀመሪያዬ ነው፤ ከእርሱ ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። «መጀመሪያ ሌንሴ ትውረድ። እነሱ ከወረዱ መኪናው ይዘላል።»

አባቴ የጋቢናውን በር ከፍቶ እጇን ያዘ። ተሳፋሪዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ። እናቴ በምርኩዝ እስከ ደረጃው መጥታ ነበር። ሌንሴ በገዛ እግሯ ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «ደህና ነኝ፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት» አለቻት። ከኋላ እልልታው የቀለጠው ያን ጊዜ ነው። አባቴ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ እየጨበጠ አወረደና ምሳ አስገባቸው። ሌንሴ በሦስተኛው ሳምንት በእናቷ ቤት፣ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው። ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ያወቀ አይደለም። የሚያስፈልገውን ነገር በግልጽ ጮኾ ለሚናገር ሰው ደግሞ፣ በነጻ ሲሉት የሚሸሸው ሕዝብ እንኳ ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል። መጠየቅን ተምሬአለሁ። እምቢ ማለትን ግን ገና ነኝ። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ጎረቤታችን ብቅ ብላ ነገ ባኬ ጃማ ድረስ ቁም ሣጥን እንድናደርስላት ጠየቀችኝ። ምን እንዳልኳት አንባቢ ያውቀዋል፤ ዲንሳ ግን ገና አልሰማም።