የግራው ዘንግ

የቤተሰቡ ወዳጅ ድዌይን ክላክሱን ሳይነካ ግቢ ሲገባ፣ አርዲስ በመኪና በሚጎተተው ተሳቢ ቤት ውስጥ ሆና ኩባያዎችን በፎጣ እየጠቀለለች ነበር። ድዌይን ክላክስ ሳያንባርቅ የማንንም ደጅ ረግጦ አያውቅም። በመስኮቱ አየችው። ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ ነፋሱ ጸጉሩን እያመሰው ጠጠሩ ላይ ቆመ። የያዘችውን ኩባያ መጠቅለሏን አላቋረጠችም። ከጨረሰች በኋላ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠችውና ወደ ደጁ ደረጃ ወጣች።

"መርል ነው?" አለችው።

"መርል ነው" አለ ድዌይን። "እህል ጎተራው ጋ ስለ ዝናብ እያወራን ነበር። ቁጭ አለ። በቃ፣ እንደዚያው ቀረ። አልተሰቃየም፣ አርዲስ።"

ልቡ እንደደከመ ሐኪሙ ነግሯቸው ስለነበር መርዶው ጨርሶ ያልተጠበቀ አልነበረም። አርዲስ ወደ ውስጥ ተመልሳ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋች፤ በጉዞ ላይ እንዳይከፈት መርል የሠራለትን መቀርቀሪያም ጣለችበት። ከዚያ ወርዳ የድዌይን መኪና ውስጥ ገባች።

የአርዲስ ባል መርል ሩዚችካ ዕድሜውን ሁሉ ከአላያንስ ከተማ በስተሰሜን ባለው እርሻ ላይ የኖረ ሰው ነው። ስንዴና ቦሎቄ ዘርቷል፤ ከብት አርብቷል። ብዙ አይናገርም። ቀልድ ሲያወራ እንኳ ፊቱ ስለማይፈታ፣ ሰዎች ቀልድ መሆኑን የሚረዱት ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ከብቶቹን ሸጠ፤ መሬቱን ለጎረቤት አከራየ፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ተሳቢ ቤት ገዛ። በየመስከረሙ ወደ ማካናሂ ሐይቅ እየሄዱ ከነድዌይን ጋር ሊሰፍሩ ነበር ሐሳባቸው።

የመጀመሪያው ጉዞ ግን ሊያጣላቸው ነበር። ከሐይቁ መለስ ባለው ሜዳ ላይ ነፋሱ ከጎን እየገፋ ሳለ አንድ ከባድ መኪና አልፏቸው ሄደ። ያን ጊዜ የተሳቢው ጅራት ተነቃነቀ። መጀመሪያ ዝንብ እንደምታባርር ላም በቀስታ ነበር፤ ኋላ ግን የሚጎትተው ፒክአፕ መኪናም አብሮት ግራና ቀኝ መውጣት ጀመረ። መርል የመኪናውን ፍሬን አልረገጠም። ከመሪው አጠገብ ባለችው የእጅ መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ቀስ አድርጎ ያዘና እስኪቃና ጠበቀ። ከዚያ ዳር ወጥቶ ቆመ። አርዲስ ሁለት እጇን ፊት ለፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ ነበርና እስክታነሳቸው ድረስ ጠበቃት።

"መርል፣ ይሄን ቤት እወደዋለሁ" አለችው በመጨረሻ። "ግን የምወደው ሲቆም ነው።"

የቀረውን መንገድ ከኋላ ይከተል በነበረው በድዌይን መኪና ጨረሰች። ሲመለሱም እንዲሁ። መርል ወንበሯ ባዶ ሆኖ ቤቱ ገባ። ያን የበረዶ ወራት በሙሉ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

መፍትሔ መፈለግ የጀመረው ገና እዚያው ሐይቁ ዳር ሳሉ ነበር። እዚያ የሚሰፍር ሰው ወደ ማታ ላይ ቡናውን በእጁ ይዞ በየተሳቢው ፊት ይንሸራሸራል፤ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ ከመለዋወጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘውን ማያያዣ ያያል። "እንዴት ነው፣ ደህና ይከተልሃል?" ይባባላሉ። መርል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሁሉንም አየ። ሁሉም የራሱን አመሰገነ፤ ሁሉም የጎረቤቱን አጣጣለ። ድዌይን፣ የሰው ማያያዣ እንዲህ አፍጥጦ ማየት ባለቤቱን ሊያስቀናው እንደሚችል ነገረው።

በረዶው ሲቀልጥ አርዲስን ይዟት ስኮትስብላፍ ከተማ፣ ማያያዣ ወደሚሸጠው ወደ ቨርሊን ሱቅ ሄደ። ቨርሊን ምን እንደሚፈልግ አልጠየቀውም። ከኋላ ምን እንደጫነ ነው የጠየቀው። መርል ማገዶውን፣ የውሃ በርሜሉን፣ የአርዲስን የብረት መጥበሻዎች ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው።

"እንግዲያው መጀመሪያ እንጨቱን ወደ ፊት አምጣው" አለ ቨርሊን። "አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ይዘህ የፈለግከውን ብትገዛኝ እኔ አመሰግንሃለሁ። እሱ ግን መወዛወዙን አይተውም።"

ከዚያ ሦስት ዓይነት አወጣላቸው። አንደኛው ከጎን የሚገጠም ነጠላ ዘንግ ነው፤ በእጀታ እየጠበቀ ተሳቢውን ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ግን ወርዶ መፍታት ያስፈልጋል። መርል እንደሚረሳው ራሱን ያውቅ ነበርና አልወደደውም። ሁለተኛው ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት፤ ከፒክአፑ ጀርባ ተነስተው በተሳቢው አንገት ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ላይ ያርፋሉ፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ጅራቱ አይነቃነቅም። ሦስተኛው ትልቅና ውስብስብ ነበር። ቨርሊን ከሁሉ አብልጦ ያሞገሰው እሱን ነው፤ በእሱ የተያዘ ተሳቢ መወዛወዝ የሚባል ነገር ጨርሶ አይጀምርም አለ።

መርል ወደ አርዲስ ዞረና እያንዳንዱን እንድታነሳ ጠየቃት።

"ወገብህን ለማዳን ነው ያመጣኸኝ?" አለችው።

"ለሱ ነው" አለ፣ ፊቱን ሳይፈታ።

የሁለተኛውን ዘንጎች አነሳቻቸው። ሦስተኛውን ከጠረጴዛው ንቅንቅ ልታደርገው አልቻለችም። መርል ወዲያው ወደ ጎን ገፋው። ቨርሊን ተገርሞ፣ ለማንሳቱማ ባልዬው አለላት አይደል ወይ ብሎ ተከራከረ።

"እሷ ማንሳት አለባት" አለ መርል።

ሁለተኛውን ገዙ። መርል ሲከፍል አርዲስ ጎመንና ሥጋ የታሸገበት ትኩስ ዳቦ ልትገዛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ወጣች። ስለዚህ ቨርሊን ለመርል በመጨረሻ የነገረውን አልሰማችም፤ ዘንጎቹ የሚያርፉበት ብረት ምንጊዜም ደረቅ መሆን እንዳለበት ነበር የነገረው።

በመስከረም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያው ሜዳ ላይ ያው ነፋስ ነበር፤ ከባድ መኪናም መጣ። ተሳቢው ሊነቃነቅ ዳድቶት ተወው። መርል ወደ አርዲስ እጆች አየት አደረገ። ፊት ለፊት ተክላቸው ነበር፤ ትንሽ ቆይታ አወረደቻቸውና ቡናውን ከፔርሙዝ ቀዳችለት። እሱም ሬዲዮ ከፍቶ የከብት ዋጋ አዳመጠ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስቸገራት፤ ማያያዣው ያጓራል። ሐይቁ ዳር ሲደርሱና በዝግታ ሲታጠፉ፣ ምጥ እንደያዛት ላም ሲያጓራ ሰው ሁሉ ከየተሳቢው ብቅ ብሎ ያያል። ድዌይን በመጡ ቁጥር፣ ሩዚችካዎች ከብታቸውን ሸጠናል ብለው ዋሽተውናል ይል ነበር። አርዲስ አንገቷን ትደፋለች። መርል ግን ደስ እያለው መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል።

ዘንድሮ በሙቀቱ ወራት መርል ከምሳ በኋላ መተኛት ጀመረ። አርዲስ ሥራ ልታቃልልለት ፈለገች። እርሻ ላይ ያደገች ሴት ናት፤ በእነሱ አገር የሚጮህ ብረት ግራሶ ይቀባል፤ የበር ማጠፊያም ይሁን፣ የውሃ መሳቢያው የነፋስ መዘውርም ይሁን። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ የለመደው ይህን ነው። እሱ ተኝቶ ሳለ ግራሶውን ከጋራዥ አወጣችና ዘንጎቹንም፣ የሚያርፉበትንም ብረት፣ ግራና ቀኝ አድርጋ ለቀለቀቻቸው።

በማግስቱ ለሙከራ ወጡ። ከግቢው ሲታጠፉ ምንም ድምፅ የለም።

"ሰማህ?" አለችው ኮራ ብላ።

"ምኑን?"

"ምንም።"

መርል ጆሮውን ቀሰረ፤ ፍጥነቱንም ቀነሰ። ቢሆንም ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ጅራቱ ተነቃነቀ። እንደ ያኔው በእጁ አቃንቶ ዳር አስያዘው። ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ቆየ። አርዲስ ወርዳ ከአጠገቡ ስትደርስ፣ የግራውን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ጠረገና ጥቁር የሆነውን ጣቱን አሳያት። ያ ፍርሃት ተመልሶ የመጣው በእጇ መሆኑ ገባት።

"አርዲስ፣ ጩኸቱኮ ነው የሚይዘው" አላት።

ከዚያ ጣቱን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጠረገው። ያን ቀን ፊቱ ተፈታ። ሁለቱም ተሳቢውን ተደግፈው ሳቁ፤ በዚያ የሚያልፍ ጎረቤት የታመሙ መስሎት ቆሞ እስኪጠይቃቸው ድረስ ሳቁ።

ቤት ሲደርሱ መርል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና የቀኙን ጀመረ። በፍሬን ማጽጃ አጠበው፤ በጨርቅ ወለወለው፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ራቁቱን እስኪቀር ፈገፈገው። ሲጨርስ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ግራውን ነገ አለ። በማግስቱ ሙቀቱ አላስወጣ አለ። ከዚያ የአርዲስ ቲማቲም በስሎ በጠርሙስ መታሸግ ነበረበት። ወደ ሐይቁ ከመነሳታችን በፊት ይደርሳል አለ መርል። ከዚያ ድዌይን ክላክሱን ሳይነካ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ምግብ በየትሪው አምጥተው፣ በልተው፣ አጥበው ሄዱ። ልጇ ከርቲስ ከኦማሃ መጥቶ ሰነበተ። "እማዬ፣ ሽጪው። ከእንግዲህ ማን ይጎትተዋል?" አላት ተሳቢውን እያየ። እናያለን አለችው። ሥራው ስለጠራው ሳመችውና ሸኘችው።

ከርቲስ እንደሄደ ብዙም ሳይቆይ ድዌይን መጣ። ሐይቁ ዳር ያለው ቦታቸው እንደተጠበቀ ነው አለ፤ መርል ይዞት የነበረውን የዛፍ ጥላ ማንም አልነካውም። "እኔ እጎትትልሻለሁ። አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ፤ መንገዱን ሙሉ እንጨቃጨቃለን፣ እንደ ድሮው" አላት።

አርዲስ ስለ ቨርሊን ጠረጴዛ አሰበች። መርል የገፋውንና የወሰደውን አሰበች። ያን ጊዜ ለወገቡ ብሎ መስሏት ነበር።

"አይ" አለችው። "አስተምረኝ።"

በድዌይን የከብት ተሳቢ፣ ባዶው የባዛር ሜዳ ላይ ተማረች። ወደ ኋላ ስትነዳ መሪውን ከታች በኩል እንድትይዝ፣ ጅራቱ እንዲሄድ ወደምትፈልገው እጇን እንድታንቀሳቅስ አሳያት። አንድ የቆሻሻ በርሜል ገጭታ አጣመመችው። ድዌይን ወርዶ በርሜሉን ይቅርታ ጠየቀ። ቢሆንም ለመደችው። የተሳቢውን ፍሬን በእጅ መያዝንም አስለመዳት። ቤቷ ሲመለሱ የራሷን ማያያዣ ስትገጥም ቆሞ አየ። የቀኙን ዘንግ ብቻዋን አንስታ ቦታው አስገባችው። ከባድ ነው፤ ግን ይነሳል።

"በይ ጨርቁንና ማጽጃውን ስጪኝ፣ ግራውን ልጥረግልሽ" አለ ድዌይን።

"ተወው።"

"በግራሶ አይኬድም፣ አርዲስ። መርል ቢያይሽ—"

"አውቃለሁ። እኔው እጠርገዋለሁ።"

ድዌይን ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አየ። የግቢው አቧራ ግራሶው ላይ ተጣብቆ ደርቋል። መሐል ለመሐል አንድ መስመር አለ፤ የጣት ስፋት ያላት፣ ጫፏ ላይ የመርል ጣት ሲነሳ ትንሽ የታጠፈች። ድዌይን ባርኔጣውን አጠለቀና ነገ እንደሚመጣ ተናግሮ ሄደ።

አሁን ማገዶው ከፊት ተጭኗል። ኩባያዎቹ ተጠቅልለዋል። ጎማዎቹ ተነፍተዋል። አርዲስ ጠዋት ጠዋት ማጽጃውን፣ ጨርቁንና የብርጭቆ ወረቀቱን ይዛ ትወጣና ባልዲው ላይ ትቀመጣለች፤ ከቆየች በኋላ ጨርቁን አጥፋ ትገባለች። ሐይቁ ዳር ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁላታል። የግራው ዘንግ ገና አልተጠረገም።