የጄት ነዳጅ የጠጣው ወፍጯችን

ሰው ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ በሄድኩ ቁጥር ያ ላምባ ላምባ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሌላው ሰው መንገድና ናፍቆት ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ደሜ ይፈላል። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የነበረው ወፍጮ ቤታችን ይመጣብኛል፤ አባቴም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ቆሞ ይታየኛል።

ወፍጮው የናፍታ ነበር። አባቴ የጦር መኪና ሾፌር ሆኖ ኖሮ ሲሰናበት ባገኘው ገንዘብ ተገዝቶ በስሙ ይጠራ እንጂ፣ የምትሠራው እናቴ ነበረች። ማለዳ ተነስታ ሞተሩን በእጅ ማኖቬላ አዙራ ታስነሳ፣ ድምፁን ብቻ ሰምታ ምን እንደጎደለው ታውቅ ነበር። «እሷ ስትፈጨው ዱቄቱ አይቃጠልም» እያሉ ከተጂ ድረስ እህል ጭነው የሚመጡ ነበሩ። አባቴ ደግሞ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ከደንበኛ ጋር ይጫወት ነበር። ተጫዋች ሰው ነው ይሉታል። ይበሉት።

አንድ ክረምት ናፍታ ጠፋ። ማደያው ደጃፍ ላይ አይሱዙዎች ለቀናት ይሰለፉ፣ በጀሪካን አንቀዳም ይባል ነበርና ወፍጮው አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይቆም ጀመር። በዚህ መሃል የአባቴ የጦር ጓደኛ በፒክአፕ አንድ በርሜል ይዞ መጣ።

«የጦር ጄት ነዳጅ ነው። ግንባር ላይ እኮ መኪናውም ጄኔሬተሩም በዚህ ይሠራ ነበር» አለና ወዲያው አስጠነቀቀ፤ «ግን ደረቅ ነው፤ ፖምፓውን እንዳይበላው የሞተር ዘይት ቀላቅልበት።»

ፖምፓ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ነው፤ ከሞተሩ ሁሉ ውዱም እሱ ነበር። እናቴ ከበርሜሉ ጥቂት ጣቷ ላይ አድርጋ አሸችው።

«እውነቱን ነው፤ እንደ ናፍታ አያሙለጨልጭም። ዘይቱን ልግዛ?»

«ስለ ሞተር አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸባትና፣ ጠብታ ዘይት ሳይጨምርበት ገለበጠው።

መጀመሪያ ላይ ሞተሩ አዲስ መሰለ፣ ጥቁሩ ጭስ ጠፋ፣ አባቴም «አያችሁ?» እያለ ነሐሴን ሲኮራ ከረመ። እናቴ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያላት መሆኑን ትነግረው፣ እሱም አፏን ያስዘጋት ነበር። ለእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ጆንያው እስከ መንገዱ ተደርድሮ ሳለ፣ ሞተሩ ተንተፋትፎ ቀጥ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው መካኒክ ፖምፓውን ፈቶ እያገላበጠ «ዘይት አጥቶ፣ ብረቱ እርስ በርሱ ተበላልቷል» ሲለው፣ አጠገባቸው ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ።

አባቴ ውጭ ወደሚጠብቁት ደንበኞች ወጣና፣ «እሷ ናት፤ ውሃ ያለበት ጀሪካን ገልብጣበት ነው» አላቸው። እናቴ ቅንድቧ በዱቄት እንደነጣ በሩ ላይ ቆማ አየችው። የተጂው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ አላመኑትም መሰለኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እዚሁ ነበርሽ። እናትሽ ናት እንዴ?»

አባቴን አየሁት።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኩ።

ጥቅምት አልፎ፣ አዝመራው ተወቅቶ፣ ፖምፓው ተቀይሮ ወፍጮው ዳግመኛ ሲነሳ አባቴ ሰው ቀጠረና፣ «ሞተር የሴት ሥራ አይደለም» ብሎ እናቴን ዱቄት ጠራጊ አደረጋት። ያን በጋ በሙሉ፣ አዲሱ ሠራተኛ የሰው ጤፍ ሲያቃጥል፣ ጥግ ይዛ ድምፁን እየሰማች ዝም ትል ነበር። ያ ዝምታዋ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ወፍጮው በመብራት ይሠራል፤ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። አባቴ አርጅቶ ከዘራ ይዟል፤ አልፈራውም። ባለፈው ፋሲካ ያንን ታሪክ፣ ጥፋቱን እናቴ ላይ አድርጎ፣ ለልጆቼ እንደለመደው ሲያወራ አላስችል ብሎኝ፣ ዘመድ በሞላበት «ዋሽተሃል፣ እኔንም አስዋሽተኸኛል» አልኩት። «እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» ብሎ ምግቡን ቀጠለ። ደሜ ፈልቶ ወደ ጓዳ ስገባ እናቴ ተከትላኝ ገባች። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም።

«ተይው በቃ» አለችኝ፣ «ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

አሁን ሠላሳ አምስት ሆኖኛል። እሱን አልማርኩትም፤ ራሴንም።